ስላልበቀለ እህል መዋዋል

በጣና ዳር የሚኖር ገበሬ ስለ መጪው አዝመራ ሲጠየቅ፣ ማሳው ምንም ያማረ ቢሆን፣ «ይህን ያህል ኩንታል አገኛለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም፤ «እግዜር ቢፈቅድ»፣ «ከበረዶ ቢሰውረን» የሚል ቃል ያስቀድማል፤ እስላም ጎረቤቱም «ኢንሻአላህ» ሳይል የነገን ነገር አያነሣም። ይህን እንደ ተራ የአነጋገር ልማድ የሚቈጥር ሰው ቢኖር ነገሩን አልመረመረውም፤ ዘሩን ለአፈር፣ አፈሩን ለሰማይ አደራ ሰጥቶ የሚኖር ሕዝብ፣ ነገ የማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይህ ነውና። እንግዲህ በዚሁ ሕዝብ መካከል ገና ያልተዘራውን ሩዝ፣ ገና ያላሸተውን ገብስ፣ ገና ያልተፈለፈለውን በቆሎ መጠኑንና ዋጋውን በወረቀት ወስኖ ለገዥ ለማስረከብ መፈራረም እየተለመደ ሲሄድ፣ ነገሩ ለነጋዴዎችና ለግብርና ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይሆንም። ሰው በእጁ ባልገባ ነገ ላይ ቃል ሊገባ ይችላልን? ቃል ከገባ በኋላስ፣ ነገ እንደ ተጠበቀው ሳይሆን ሲቀር ጉዳቱን ማን ሊሸከም ይገባዋል?

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካ፣ ላኪ ወይም ዩኒየን ገና ዘር ሳይወርድ ከገበሬው ጋር ይዋዋላል፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ይሰጣል፤ ባለሙያም ይልክለታል። ገበሬው በበኩሉ በተስማሙበት ማሳ ላይ የተስማሙበትን ዘር ዘርቶ፣ አርሞና ጠብቆ፣ ምርቱን በተወሰነው ጥራትና ዋጋ ለዚያው ገዥ ያስረክባል፤ የዱቤው ዕዳም ከሽያጩ ላይ ይቀነሳል። በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ዙሪያ ገበሬዎች ለፋብሪካው አገዳ በማብቀል ከኖሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በአርሲ የቢራ ፋብሪካዎች የብቅል ገብስ በውል ያስዘራሉ፤ በምዕራብ ጎጃምም የበቆሎ ምርጥ ዘር በገበሬ ማሳ ላይ በውል ይባዛል። መንግሥትም የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015ን አውጥቶ ለነገሩ የራሱን ሕግ ሰጥቶታል። ተስፋው ትንሽ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ በመሆኑ፣ ጥቂት ጥማድ መሬት ያለው ሰው ለባለ ገንዘብ ሊያቀርበው ከሚችለው ዋስትና ዋናው ገና በምድር ውስጥ ያለው አዝመራው ነው፤ በዚህ አዝመራ ተማምኖ ዘርና ማዳበሪያ የሚሰጠው ሰው ሲያገኝ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይድናል፤ ምርቱን ሲሰበስብም ለደላላ ሳይሆን አስቀድሞ ለሚያውቀው ገዥ ያስረክባል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ውሉን ለመንቀፍ የተነሣ አይደለም፤ ውሉ በምን ላይ ቢቆም የጽድቅ ውል ሊባል እንደሚችል ለመመርመር ነው እንጂ።

በመጀመሪያ ሊዘነጋ የማይገባው፣ የጣና ዳር ሕዝብ ከሌላ ሰው ጋር ተዋውሎ ማምረትን ከፋብሪካ ያልተማረ መሆኑ ነው። በሬ ያለው መሬት ካለው፣ ጉልበት ያለው ጉልበት ካነሰው ጋር ተስማምቶ በእኩል ወይም በሲሶ ማረስ፣ ላም ለርቢ ሰጥቶ የተወለደውን መካፈል ከጥንት የነበረ፣ ዛሬም ያለ ልማድ ነው። የዚህ ልማድ ትልቁ ጠባይ መከራውን አብሮ መካፈሉ ነው፤ ውርጭ ሲመታ የባለ መሬቱም የአራሹም ጎተራ ይጎድላል፤ ዓመቱ ሲሰምር ሁለቱም ይጠግባሉ፤ ማንም ማንን «የጎደለውን ከኪስህ ሙላ» አይለውም። ድርሻው ግን ሁልጊዜ የተመዛዘነ አልነበረም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የእርሻ መሬት ኪራይ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ እንዲደርስ ፈቅዶ ነበርና፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኛነትን ውል ከነሥሩ ነቀለው። ከዚያ በኋላ የመጣው ኮታ ደግሞ ከቶ ውል አልነበረም፤ ገበሬው እህሉን መንግሥት በቈረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ የተጣለበትን ኮታ የሚሞላ እህል ያጣ ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በየቀበሌው አሉ። ኮታው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ቀርቷል፤ ትዝታው ግን አልቀረም። መጠንና ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ሲቀርብለት አንገራግሮ የሚያየውን ገበሬ «አላዋቂ» ለማለት የሚቸኩሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱ መልካም ነበር።

ቃልን በጽሑፍ አጽንቶ መጠበቅም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የርስት ሽያጭና ስጦታ በአብያተ ክርስቲያናት ይመዘገብ ነበር፤ የእቴጌ ምንትዋብን ቍስቋም የመሰሉ አድባራት በብራና መጻሕፍቶቻቸው ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የሻጩን፣ የገዡን፣ የዋሱንና የምስክሮቹን ስም ይጽፉ፣ ውሉን በሚያፈርሰው ላይም የግዝት ቃል ይጨምሩ ነበር። ከዚህ ሥርዓት ሊደነቅ የሚገባው መዝገቡ የተቀመጠበት ስፍራ ነው፤ ብራናው በሻጭም በገዥም ቤት ሳይሆን ሁለቱም በሚሳለሙት ደብር ይቀመጥ ስለ ነበር፣ አንደኛው ብቻውን ገልጦ እንደ ፈቃዱ ሊያነበው አይችልም ነበር። ዛሬ በብዙ ስፍራ ገበሬው በጣቱ አሻራ አጽንቶ የሚሰጠው ወረቀት ወደ ገዡ ቢሮ ገብቶ በፋይል ይታሰራል፤ ለገበሬውም የሚቀርለት በሰማያዊ ቀለም የተነከረ አውራ ጣቱና በአእምሮው የያዘው የቃል ትዝታ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የሃይማኖት መጻሕፍት ስለ ነገ የሚናገሩት ነገር ላይ ላዩን ሲታይ እንዲህ ያለውን ውል የሚከለክል ይመስላል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ አራተኛ ምዕራፍ፣ ወደ አንዲት ከተማ ሄደው ዓመት ነግደው ሊያተርፉ ያሰቡትን ሰዎች፣ የነገውን እንደማያውቁ አሳስቦ፣ የጌታን ፈቃድ እንዲያስቀድሙ ይገሥጻቸዋል፤ በሉቃስ ወንጌል በዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ የተነገረለትም ባለጸጋ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ሲመክር በዚያችው ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ነገር ግን ተግሣጹ ነገን እንደ ገዛ ንብረት ለሚቈጥር ትዕቢተኛ ነው፤ ለነገ የሚያስብን አስተዋይ አይመለከትም። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው ነገን አውቆ ሳይሆን በተገለጠለት መጠን ተጠንቅቆ ነው፤ በዚያም ጥንቃቄ ብዙ ነፍስ ዳነ። ይሁን እንጂ የኦሪት ዘፍጥረት አርባ ሰባተኛው ምዕራፍ የሚተርከውን የነገሩን ፍጻሜ ልብ ብሎ ላነበበ ሰው፣ የዚያ ጎተራ ታሪክ ሁለት ገጽ አለው፤ ረኃቡ በጸና ጊዜ ሕዝቡ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጦ፣ ከአዝመራው አምስተኛውን ሊገብር ተዋዋለ፤ ይህንንም ሲያደርግ አላጉረመረመም፤ ሕይወታችንን አዳንህልን ብሎ አመሰገነ እንጂ። ነፍስ ያዳነው ያው ጎተራ ነፃነትን ገዛ። የተራበ ሰው አመስግኖም ቢሆን ሊጐዳው የሚችለውን ውል ሊፈርም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በእስልምና ሊቃውንት ዘንድም ጥያቄው የታወቀ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና በገቡ ጊዜ የከተማይቱ ሰዎች የተምርን ዋጋ አንድና ሁለት ዓመት አስቀድመው ሲከፍሉ አግኝተው፣ ነገሩን ፈጽመው ሳያወግዙ፣ ስፍሩና ሚዛኑ የታወቀ፣ ጊዜውም የተወሰነ እንዲሆን እንዳዘዙ በሐዲስ ተመዝግቧል፤ «ሰለም» የሚባለው የሽያጭ ዓይነት የቆመው በዚህ ላይ ነው። በአንጻሩ የዛፍን ፍሬ ብስለቱ ሳይታይ መሸጥ ተከልክሏል፤ ዛፉ ሳያፈራ ቢቀር ሻጩ የገዡን ገንዘብ በከንቱ እንዳይበላ ነው። በሰለም ሥርዓት ውስጥ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅም አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ዋጋው ሙሉ በሙሉ በውሉ ቀን ይከፈላል። ገዥው ዛሬ ብሩን ከከፈለ ነገን ከሻጩ ጋር አብሮ ይጠብቃል፤ ለዝናቡም አብሮ ይጸልያል። ዛሬ በአገራችን በብዛት የሚደረገው ውል ግን ዋጋውን እስከ ማስረከቢያው ቀን ያቈያል፤ የተሰጠውም ዘርና ማዳበሪያ በዕዳነት ይመዘገባል። እንዲህ ሲሆን አዝመራው ቢበላሽ ገዥው የሚያጣው ትርፉን ሲሆን፣ ገበሬው ግን ድካሙን አጥቶ ዕዳውን ይወርሳል።

ወደ ዓለማዊው ሕግ ስንመለስ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና እስከ ዛሬ የምንዳኝበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጥያቄያችን መልስ አለው፤ መልሱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። አንቀጽ 1731 በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል፤ አንቀጽ 1764 ደግሞ ነገሩ ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ጸንቶ እንደሚቆይ ይናገራል፤ ከአቅም በላይ ስለ ሆነ ኃይል የሚናገሩት አንቀጾች ጐርፍን የመሰለውን የተፈጥሮ መከራ በምክንያትነት ሲቀበሉ፣ አስቀድሞ ሊታሰብ ይችል የነበረውን ግን አይቀበሉም። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንቀጽ 1710 ቆሞ፣ የአንደኛው ተዋዋይ ችግር፣ የዋህነት ወይም በሥራው ልምድ ማጣት ምክንያት ሆኖ የተገኘ ፈቃድ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ያመለክታል። እንግዲህ ሕግ አውጪው ውል በፈቃድ ብቻ እንደማይጸድቅና ፈቃዱ ከምን ዓይነት ኑሮ ውስጥ እንደ ወጣ መጠየቅ እንደሚገባ አውቋል ማለት ነው። ለዚህ አሳብ ቀደም ያለ ምስክር በቅርብ አለ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው እንፍራንዝ፣ በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው የሐተታ መጽሐፍ ባለታሪክ ጽሕፈት እየጻፈ የኖረባት አገር ናት፤ የመጽሐፉ ደራሲ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ገና ቢከራከሩም፣ በዚያ የሚነበበው የጋብቻ ታሪክ ለዚህ ነገር ይጠቅማል። ባለታሪኩ የጌታውን ገረድ ሒሩትን ለማግባት በወደደ ጊዜ እንደ ገረድ ሊቀበላት አልፈቀደም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ፈቃዷ ይጠየቅ አለ። ታናሹ ወገን ከታላቁ ፊት ቆሞ «እሺ» ሲል እሺታው ከፍርሃት ይሁን ከፈቃድ እንዲለይ፣ አስቀድሞ እኩል ሆኖ እንዲቆም ማድረግ ያሻል የሚለው አሳብ በዚህ በጣና ዙሪያ ከተጻፈ ቈይቷል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የእርሻና የከብት ውልን ምሥጢር ከሁሉ አብልጦ የሚገልጠው ግን የያዕቆብና የላባ ታሪክ ነው። ያዕቆብ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት አገልግሎ ልያን ተቀበለ፤ ቀጥሎም ዝንጕርጕሩና ነቍጣ ያለበቱ ሁሉ ደመወዙ እንዲሆን ቢዋዋል፣ ላባ በዚያችው ቀን ዝንጕርጕሮቹን ከመንጋው ለይቶ በልጆቹ እጅ አራቃቸው፤ ደመወዙንም ዐሥር ጊዜ ለዋወጠበት። ከዚያ በኋላ ያዕቆብም በተራው ብልሃት ጀመረ፤ በትር ልጦ በማጠጫው ገንዳ አቆመ። ውል እምነት ሲያጣ ሁለቱም ወገን ብልጥ ይሆናል። ያዕቆብ በመጨረሻ በምሬት ሲናገር ያነሣው ዋናው በደል ግን ሌላ ነው፤ አውሬ የሰበረውን በግ እርሱ ከራሱ ይተካ እንደ ነበርና በቀንም በሌሊትም የተሰረቀውን ሁሉ ላባ ከእጁ ይሻ እንደ ነበር ነው ያሰማው። አውሬ የሰበረውን ጠባቂው እንዳይከፍል ኦሪት በኋላ ዘመን ሥርዓት ሠርታለች፤ ላባ ግን የምድረ በዳውን መከራ ሁሉ በእረኛው ትከሻ ላይ አውርዶ ትርፉን ለራሱ አስቀረ። በእርሻ ውል ላይ የሚነሣው ክርክር ሁሉ ተፍታቶ ሲታይ፣ «አውሬው የሰበረው በግ የማን ነው?» ወደሚል ጥያቄ ይመለሳል።

ይህን ጥያቄ በፎገራ ሜዳ ላይ ቆሞ መመልከት ይቻላል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ከአልጋቸው እየወጡ የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነበር፤ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ለግጦሽ ይተው የነበረው ረግረግ የእህል ማሳ ሆነ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ በየማሳው ተስፋፋ፤ ሩዙ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ሆነ፤ በወረታም የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። በዚህ አገር ጐርፍ በረከትም መቅሠፍትም ነው፤ ልክ ሲሆን ሩዙን ያሳድገዋል፣ ሲያልፍ ውጦት ይሄዳል። የውሉ ወረቀት «ጐርፍ ከአቅም በላይ ነው» ቢል፣ ገዡ «በየዓመቱ የሚመጣውን ጐርፍ አስቀድመህ ታውቀው ነበር» ሊለው ነው፤ ገበሬውም «በየዓመቱ የሚመጣው እንዲህ ያለው አልነበረም» ሊል ነው፤ ሁለቱም ከእውነት አልራቁም። ከጐርፉ የተረፈው ሩዝ ወረታ ሲደርስ ሌላ ሙግት ይጠብቀዋል። በመፈልፈያ ቤቱ ደጃፍ ገዡ ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ዘግኖ፣ በመዳፉ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ያየዋል፤ መኪናው ፈልፍሎ ሲተፋውም ሙሉውን ከስባሪው ይለያል፤ ስባሪው ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል። ነገር ግን ሩዝ እርጥብ ሆኖ ሲፈለፈል ይሰበራል፤ ከመጠን በላይ ደርቆ ሲፈለፈልም ይሰበራል፤ ያረጀና በሚገባ ያልተስተካከለ መኪናም ይሰብረዋል። ገበሬው ያሰጣበትን ቀን ያውቃል፤ ባለ መኪናው የመኪናውን ዕድሜ ያውቃል፤ ስባሪው በማን ጥፋት እንደ ተሰበረ ግን በእፍኝ ውስጥ አይነበብም። እንዲህ ያለው የማይታወቅ ነገር በሚነሣበት ጊዜ ሁሉ ጉዳቱ ወደ ደካማው ወገን እንዲንሸራተት ማድረግ፣ በደልን በሕግ ልብስ ማልበስ ነው።

የምርጥ ዘሩ ሥራ ከዚህም ይጠልቃል። የአማራ ምርጥ ዘር ድርጅትና ዩኒየኖች ከገበሬዎች ጋር ተዋውለው በኩታ ገጠም ማሳ ላይ ዘር ያስባዛሉ። ድቅል በቆሎ ለዘር ሲባዛ የአባትና የእናት መስመሮች ተለያይተው ይዘራሉ፤ የእናቱ መስመር ላይ የወጣው የወንዴ አበባ ብናኙን ሳይረጭ በየማለዳው በእጅ ይነቀላል፤ አንድ ቀን ቢታለፍ የዓመቱ ድካም ዘርነቱ ቀርቶ እህል ብቻ ይሆናል። ከዚያም በላይ፣ በአቅራቢያው ሌላ በቆሎ የዘራ ጎረቤት ካለ፣ ነፋሱ የእርሱን ብናኝ አምጥቶ ዘሩን ያበላሸዋል። ጎረቤቱ ምንም አልፈረመም፤ ምንም አልበደለም፤ በገዛ ማሳው የገዛ እህሉን ነው የዘራው። እንግዲህ ይህ ውል በሁለት ሰዎች መካከል ተፈርሞ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ የመንደሩን ሁሉ ምግባር ይፈልጋል፤ ሰው ብቻውን ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ነው የዘር ብዜት ባለቤቶች አንድን ሰው ለብቻው ሳይሆን ኩታ ገጠሙን በሙሉ ለማስማማት የሚደክሙት፤ የእርሻ ውል ከጎረቤት ፍቅር ተለይቶ ሊቆም እንደማይችል ሥራው ራሱ አስተምሯቸዋል።

የገዡን በደል ይህን ያህል ካነሣን የገበሬውን መሸፈን ፍርድን ማጣመም ይሆናል። የገበያ ዋጋ ከውሉ ዋጋ በላይ በሄደ ዓመት በዱቤ የወሰደውን ዘር ዘርቶ፣ የተላከለትን ባለሙያ ምክር ሰምቶ፣ ምርቱን ግን በሌሊት በአህያ ጭኖ በጎን የሚሸጥ ሰው አለ። «እነርሱስ ዋጋ ቢወርድ ይተዉኝ አልነበረምን?» የሚለው መልሱ በሰው ዘንድ ይደመጥ ይሆናል፤ በኅሊና ፊት ግን አያጸድቀውም፤ ሌላው ሊያደርግ ይችል የነበረውን በደል አስቀድሞ መበደል በጽድቅ መዝገብ አይጻፍም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ያባቶች ቃል ለገዥም ለሻጭም እኩል የተነገረ ነው። ደግሞም በጎን የተሸጠው ኩንታል የሚጐዳው ገዡን ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተከዳ ገዥ በሚመጣው ዓመት ወደ ሌላ አገር ይሄዳልና፣ ቃሉን የጠበቀው ጎረቤት ቃሉን ባፈረሰው ምክንያት ዘርና ማዳበሪያ አጥቶ ይቀራል። ዳዊት በመዝሙሩ በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረውን ሰው ጠባይ ሲዘረዝር ለባልንጀራው ምሎ አለመክዳትን ከጠባዮቹ መካከል የቈጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከአገራችን ውጭ የሆነውን ብንመለከት፣ ከጣና ወጥቶ በጢስ ዓባይ ወርዶ ሱዳን የሚደርሰው ውኃ ራሱ የዚህ ነገር ምስክር ነው። እንግሊዞች የሴናርን ግድብ በ1925 እ.ኤ.አ. ፈጽመው በዓባይ ውኃ የገዚራን ሜዳ ሲያጠጡ፣ ጥጥ የሚያለማው ገበሬ ከሽያጩ 40 በመቶ እንዲያገኝ ተወሰነ፤ መከራና ትርፍ በመቶኛ የሚካፈል ስለ ነበር፣ ከሩቅ ለሚያየው ከእኛ የሲሶና የእኩል ልማድ ጋር የሚመሳሰል ፍትሐዊ ውል ይመስል ነበር። ነገር ግን የሒሳቡን መዝገብ የሚይዘው አንደኛው ወገን ብቻ ነበር፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው በዕዳ ተያዘ፤ በ1946 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስማቸው ስለ ተቀመጠው የመጠባበቂያ ገንዘብ ገበሬዎቹ ሥራ አቁመው ተነሡ። በኬንያ ግን ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻይ የሚያለሙ አነስተኛ ገበሬዎች ቅጠላቸውን በየወሩ በመነሻ ዋጋ እያስረከቡ፣ ዓመቱ ሲዘጋ ከሽያጩ ቀሪውን የሚካፈሉበት ሥርዓት ተዘረጋ፤ ከጊዜ በኋላም ፋብሪካዎቹን ራሳቸው በአክሲዮን ያዙ። ክርክር በዚያም አልጠፋም፤ ይሁን እንጂ ገበሬው የሚከራከረው እንደ ባለ ድርሻ ነው፤ የሚጠይቀውም የራሱን መዝገብ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰው በነገ ላይ ቃል ሊገባ ይችላል፤ ነገን የእኔ ነው ብሎ ሳይሆን፣ ነገ የሁለታችንም አይደለም ብሎ ከተዋዋለ። ስፍርና ሚዛኑ፣ የጥራቱ ደረጃ፣ የመክፈያው ቀን፣ የዋጋው አወሳሰን የሚታወቁ ነገሮች ስለ ሆኑ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ተነብበውለት፣ አንድ ቅጂም በእጁ ገብቶ ይታወቁ። ዝናቡ፣ ጐርፉ፣ ውርጩ፣ የገበያው መውጣትና መውረድ ግን የማይታወቁ ናቸውና፣ ሁለቱ ወገኖች እንደ አቅማቸው ይካፈሏቸው። እንደ አቅማቸው ስንል መለኪያው ከወንጌል የተገኘ ነው። ጌታ በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ መበለቲቱ የጣለችውን ሁለት ሳንቲም ከባለጸጎች ስጦታ አብልጦ ሲመዝን፣ የተመለከተው የተሰጠውን ሳይሆን የቀረውን ነው፤ እነርሱ ከተረፋቸው ሲሰጡ እርስዋ ኑሮዋን ሁሉ ሰጥታ ነበርና። ስጦታ በቀሪው የሚመዘን ከሆነ ጉዳትም በቀሪው ይመዘናል። መቶ ኩንታል ያጣ ፋብሪካ በመዝገቡ አንድ መስመር ይሰርዛል፤ ዐሥር ኩንታል ያጣ ገበሬ ግን በሬውን ይሸጣል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። የሁለቱን ኪሳራ በኩንታል ቈጥሮ «እኩል ተካፈሉ» ማለት በመበለቲቱ ሚዛን ሲታይ እኩልነት አይደለም።

ስለዚህ ውሉን የምታረቁ የሕግ ሰዎች፣ ገዥዎችና የዩኒየን አለቆች፣ ዋጋው ሲወርድ ገበሬው የሚያርፍበትን ወለል፣ ሲወጣም ከጭማሪው የሚያገኘውን ድርሻ በወረቀቱ አስፍሩ፤ በጎን መሸጥን ከማስፈራሪያ ይልቅ ይህ ይከለክለዋል። ገበሬዎችም በማኅበራችሁ ሆናችሁ እንጂ አንድ በአንድ አትፈርሙ፤ የፈረማችሁትንም ገበያው ቢያጓጓችሁ እንኳ ጠብቁ። የየደብሩ ካህናት፣ የየመስጊዱ ኢማሞችና የአገር ሽማግሌዎች በምስክርነትና በዳኝነት ቁሙ፤ ከባሕር ዳር ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይልቅ የእናንተ ሸንጎ ለሁለቱም ወገን ይቀርባልና። ውሉንም በምትጽፉበት ቀን፣ «ዓመቱ ቢከፋ ጉዳቱ የማን ነው?» ለሚለው መልስ የሚሰጠውን አንቀጽ ከሁሉ በፊት ጻፉ፤ ዋጋው ከእርሱ በኋላ ይጻፍ።